ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ በጋራ ለሚሰጡት የምርምር ሥልጠና ከመፈረሜ በፊት ምን ልጠይቅ?

ሁለት ቦታ የቆመ (ጠያቂ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

የስፔሻሊቲ ሥልጠናዬን ካጠናቀቅሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራበት የማስተማሪያ ሆስፒታል ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተፈራረመው የመግባቢያ ሰነድ መሠረት ለጀማሪ ተመራማሪዎች የሦስት ዓመት የጋራ ሥልጠና የከፈተ ሲሆን፣ ከተመረጡት መካከል እኔ አንዱ ሆኛለሁ። የምርጫው ደብዳቤ እንደሚለው ከሥራ ጊዜዬ 40 በመቶው ለምርምር ይከለላል፤ ከሆስፒታሉ አንድ ነባር ስፔሻሊስት፣ ከዩኒቨርሲቲው ደግሞ አንድ ተባባሪ ፕሮፌሰር ያማክሩኛል፤ በሦስቱ ዓመት ውስጥም ቢያንስ ሁለት ጽሑፎችን በባለሙያ ግምገማ በሚያልፉ መጽሔቶች ላይ ማሳተም ይጠበቅብኛል።

ጥርጣሬ ያሳደረብኝ ደብዳቤው ከደረሰኝ በኋላ የወጣው የመጪው ወር የተረኝነት ሰሌዳ ነው። ስሜ የተመደበው እንደ ወትሮው ነው፤ የሌሊቱም ሆነ የሳምንቱ መጨረሻ ተረኝነት አልተቀነሰም። የክፍል ኃላፊዬን በአክብሮት ብጠይቃቸው ዩኒቨርሲቲው ተተኪ ሐኪም ሲልክ እንደሚታይ ነገሩኝ። የዩኒቨርሲቲው አስተባባሪ ደግሞ የሰው ኃይል ምደባ የሆስፒታሉ ጉዳይ ነው ብለው መለሱልኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ መሐል ላይ የቀረሁት ግን እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ጉዳይ የጥናቱ ርዕስ ነው። የዩኒቨርሲቲው አማካሪዬ ቀደም ሲል ለሌላ ጥናት ተሰብስቦ በቤተ ሙከራቸው በተቀመጠ የደም ናሙና ላይ እንድሠራ ይፈልጋሉ። የሆስፒታሉ አማካሪዬ በበኩላቸው የልብ ድካም ሕሙማን ተሽሏቸው ከወጡ በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ ለምን ተመልሰው እንደሚተኙ እንድመረምር ይመክሩኛል። ልቤ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው፤ ገንዘቡ ግን የመጀመሪያው ጋ ነው።

ልምድ ያላችሁን የምጠይቀው፣ ከመፈረሜ በፊት በጽሑፍ እንዲሰፍርልኝ ማሳሰብ የሚገባኝ ነገር ምንድን ነው? ከርዕሶቹስ የቱን ብይዝ ይበጃል? ፈርሞ የተጸጸተ ካለም ምክንያቱን ቢነግረኝ እወዳለሁ። ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

የቀድሞ አስተባባሪ

ውድ ጠያቂ፣ እንዲህ ያለውን ሥልጠና ለበርካታ ዓመታት ያስተባበርሁ ሐኪም ነኝ። መጠየቅ ያለብዎትን ነገር እርስዎ ራስዎ አግኝተውታል፤ የተረኝነት ሰሌዳውን ነው። 40 በመቶ የሚለው ቁጥር በአምስት የሥራ ቀናት ሲሰላ ሁለት ሙሉ ቀን ማለት ነው። እነዚህ ሁለት ቀናት የትኞቹ ናቸው? በእነዚያ ቀናት የእርስዎን ተመላላሽ ሕሙማን ማን ያያል? የዚያን ሰው ደመወዝስ ማን ይከፍላል? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ እስካልተገኘ ድረስ በመቶኛ የተጻፈው ሁሉ ምኞት ነው።

በሌሎች አገሮች የተለመዱትን መጠኖች ማወቅ ለድርድር ይጠቅማል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ለጀማሪ ሐኪም ተመራማሪዎች በሚሰጡት የሥራ ዕድገት ድጋፍ ተቀባዩ ቢያንስ 75 በመቶ የሥራ ጊዜውን ለምርምርና ለምርምር ሥልጠና እንዲያውል ግዴታ ይጥላሉ፤ እጃቸው እንዳይፈታ የሚሠጉ የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ግን እስከ 50 በመቶ ዝቅ ሊልላቸው ይችላል። በእንግሊዝ የጤናና እንክብካቤ ምርምር ተቋም የሚደገፉት ክሊኒካዊ የአካዳሚ ፌሎዎች ደግሞ በስፔሻሊቲ ሥልጠናቸው ላይ እያሉ ለምርምር የሚያገኙት 25 በመቶ ብቻ ነው፤ ወደሚቀጥለው የሌክቸረርነት ደረጃ ሲያልፉ 50 በመቶ ይሆናል። እንግዲህ የእርስዎ 40 በመቶ በራሱ ትንሽ አይደለም። ልዩነቱ ያለው በእነዚያ መርሐ ግብሮች ከቁጥሩ ጋር የደመወዝ ገንዘብ አብሮ የሚመጣ በመሆኑና ተቋሙ ጊዜውን እንደሚከልል ገና ማመልከቻው ሲቀርብ በፊርማው የሚያረጋግጥ በመሆኑ ላይ ነው። እርስዎ ጋ ግን ሁለቱ ወገኖች በቁጥሩ ተስማምተው በዋጋው ሳይነጋገሩ የተለያዩ ይመስላል።

ይህ የክፋት ውጤት አይደለም። ሆስፒታል የሚጠየቀው ስንት ሕሙማን እንዳከመና ወረፋው ምን ያህል እንዳጠረ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚጠየቀው ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመና ስንት ተማሪ እንዳስመረቀ ነው። ሁለቱን የሥራ መለኪያዎች በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ስንጭናቸው፣ ዛሬ ድንገተኛ ክፍል የመጣው ታማሚ ለከርሞ ከሚታተመው ጽሑፍ ሁልጊዜ ይቀድማል፤ መቅደምም አለበት። አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ዋይንጋርደን ገና እ.ኤ.አ. በ1979 ሐኪም ተመራማሪን ሊጠፋ ከተቃረበ ዝርያ ጋር ማመሳሰላቸው የታወቀ ነው። ከዚያ ወዲህ የተዘረጉት መርሐ ግብሮች በአብዛኛው ያንን ሠዓት በገንዘብ ለመግዛት የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የራሴን ስሕተት ልናገር። በማስተባብረው ሥልጠና የመጀመሪያው ዙር ላይ ግማሽ ጊዜ ለምርምር ብለን ጽፈን አምስት ሠልጣኞች ተቀበልን። የአንዳቸውም ሰሌዳ እንዳልተለወጠ ያወቅሁት በስምንተኛው ወር ላይ፣ አንዱ ሠልጣኝ ከሌሊት ተረኝነት መልስ በስብሰባ መሐል እንቅልፍ ሲያሸንፈው ነው። ለስምንት ወራት ሙሉ ሪፖርት ስቀበል የነበርሁት ሰሌዳውን አንድ ቀን እንኳ ሳልጠይቅ ነበር። በሚቀጥለው ዙር የክፍል ኃላፊው፣ አስተባባሪውና ሠልጣኙ የሚፈርሙበት አንድ ገጽ ደብዳቤ አዘጋጀን፤ ቀኖቹ በስም ተጠቅሰው፣ ተተኪው ማን እንደሆነ ተገልጾ፣ በድንገተኛ ምክንያት የተወሰደ ቀን ቢኖር በዚያው ሩብ ዓመት ውስጥ እንደሚመለስ ሰፍሮበት። እርስዎም ይህንኑ ይጠይቁ። ቀኖቹ ሙሉ ቀን ይሁኑ፤ ከክሊኒክ በኋላ ያለ ግማሽ ቀን ክሊኒኩ ራሱ ይበላዋልና። ከቻሉ ደግሞ ፕሮፖዛል ለሚጽፉበትና መረጃ ለሚተነትኑበት ወቅት ተከታታይ ሳምንታት፣ መረጃ ለሚሰበስቡበት ወቅት በሳምንት ሁለት ቀን አድርገው ይደራደሩ።

ስለ ርዕሱ፣ ሁለቱን የግድ ለያይተው አይዩአቸው። በሮያል ፐርዝ ሆስፒታል የፓቶሎጂ ባለሙያ የነበሩት ሮቢን ዋረን ከጨጓራ በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ የተጠማዘዙ ባክቴሪያዎችን ሲያዩ ቆይተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ገና በሥልጠና ላይ የነበረው ባሪ ማርሻል የምርምር ሥራ ፍለጋ ወደ እሳቸው ሄደ። አንዱ ማይክሮስኮፕ፣ ሌላው ሕሙማን ነበሩት። 100 ሕሙማንን ተከታትለው መረመሩ፤ ባክቴሪያውን በቤተ ሙከራ ማብቀል የተቻለውም እ.ኤ.አ. በ1982 ሳህኖቹ በፋሲካ በዓል ምክንያት ከተለመደው ሁለት ቀን በላይ በመቆየታቸው ነው። ባክቴሪያው የጨጓራ ቁስለት መንስኤ መሆኑን በማሳየታቸውም እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ሽልማቱን የጠቀስሁት ሠልጣኝ ሁሉ ይሸለማል ለማለት አይደለም፤ ጥያቄው ከታማሚው፣ መሣሪያው ከቤተ ሙከራው ሲመጣ አጋርነቱ ትርጉም እንደሚያገኝ ለማሳየት እንጂ። እርስዎም የልብ ድካም ሕሙማንን ጥናት ዋና አድርገው፣ ሕሙማኑ ከሆስፒታል በሚወጡበት ቀን ከሚወሰድ ደም የናትሪዩሬቲክ ፔፕታይድን (ልብ ሲጨናነቅ በደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር) መጠን እንዲለካ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ ሙከራ ቢጠይቁ ሁለቱም አማካሪዎች የሚሠሩት ነገር ያገኛሉ።

ቁጥር ቆጣሪ

በሕክምና ስታቲስቲክስ የምሠራ ነኝ። ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ልጨምር። በውሉ ውስጥ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ሠዓት በጀት ተይዞለት እንደሆነ ይጠይቁ። አብዛኞቹ ሠልጣኞች ወደ እኔ የሚመጡት መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ማድረግ የምችለው ምን እንደጎደለ መንገር ብቻ ነው።

የእርስዎን ጥያቄ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ተመልሶ መተኛት ሲሉ በ30 ቀን ውስጥ ማለትዎ ነው ወይስ በ90? የሚቆጠረው ሰው ነው ወይስ አልጋ የያዘበት ጊዜ? አንድ ታማሚ ሦስት ጊዜ ቢመለስ አንድ ነው ወይስ ሦስት? ከሁሉም የከፋው ወጥመድ ደግሞ ሞት ነው። ከሆስፒታል በወጣ በአሥረኛው ቀን ቤቱ ያረፈ ሰው በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ያልተመለሰ ተብሎ ይቀመጣል፤ ጥንቃቄ ካልተደረገ እጅግ የታመሙት ሕሙማን በስሌቱ ውስጥ የተሳካላቸው ሆነው ይወጣሉ። ወደ ሌላ ሆስፒታል የሄደውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የስልክ ክትትል ያስፈልግዎታል፤ ስልክ የሚደውል ሰውም ደመወዝ ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ ብዛት። ተመልሰው የሚተኙት ምን ያህል በመቶ እንደሆኑ ለመገመት ብቻ ቢፈልጉ፣ መጠኑ አስቀድሞ ካልታወቀና በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ ከአምስት ነጥብ በላይ ወዲያና ወዲህ እንዳይል ከፈለጉ 385 ሕሙማን ያስፈልጉዎታል። ስፋቱን ወደ አሥር ነጥብ ቢያላሉት 97 ይበቃሉ። በሳምንት ለጥናቱ የሚመጥኑ አራት ሕሙማን ብቻ የሚያገኙ ከሆነ የመጀመሪያው ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ፣ ሁለተኛው ስድስት ወር ያህል ይወስዳል። የሦስት ዓመት ሥልጠና ላይ ያለ ሰው ይህን ስሌት ማድረግ ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ያለፈውን ዓመት የክፍሉን የመኝታ መዝገብ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ መቁጠር ነው።

ለምን የሚለውን ሊመልሱ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ከ200 ሕሙማን 40ው ቢመለሱ፣ በትንተናው ሞዴል ውስጥ ብዙ መንስኤዎችን በአንድ ጊዜ መክተት አይቻልም። ለእያንዳንዱ መንስኤ አሥር ያህል ክስተት (እዚህ ላይ ተመልሶ የተኛ ታማሚ) ያስፈልጋል የሚለው የቆየ ግምት ሻካራና ክርክር የበዛበት ቢሆንም፣ አራት እንጂ ሃያ አምስት መንስኤ መጠየቅ እንደማይችሉ ለማሳሰብ ግን ይጠቅማል። ሃያ አምስት ይዘው የሚመጡ ሠልጣኞች አሉኝ፤ በየሳምንቱ።

የመረጃ ማስገቢያ ቅጹን በሬድካፕ (የምርምር መረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር) ወይም በመሰል ሥርዓት ያዘጋጁ፤ ኤክሴል ላይ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ተከታትሎ ማወቅ አስቸጋሪ ነው።

ከመንገድ የተመለሰች

የተጸጸተ ካለ ስላሉ እኔ ልመልስ። የቀድሞ አስተባባሪ ያነሡት ነጥብ ትክክል ቢሆንም በቂ አይመስለኝም፤ የእኔ ጊዜ በሚገባ ተከልሎልኝ ነበርና። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማንም ሳይነካብኝ። ሥልጠናውን በአሥራ ስምንተኛው ወር ያቋረጥሁት ሁለቱ አማካሪዎቼ አንድም ቀን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስላልተቀመጡ ነው።

ፕሮፖዛሉን ለአንዱ እልካለሁ፤ ያርመዋል። ያረመውን ለሌላው እልካለሁ፤ የመጀመሪያውን እርማት ያርመዋል። በዚህ ዓይነት ሰባት ጊዜ ተመላለሰ። እኔም ጀማሪ በመሆኔ ሁለት አንጋፋ ሰዎችን ተገናኙና ተነጋገሩ ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም። ዛሬ ቢሆን ውሉ ላይ ሁለት ነገር አስጽፍ ነበር፤ በየሩብ ዓመቱ ሁለቱም የሚገኙበት ስብሰባ እንዲኖርና ሐሳባቸው ሲለያይ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማን እንደሆነ።

የደራሲነቱም ነገር ከመረጃ መሰብሰቡ በፊት ይጻፍ። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያወጣቸው አራቱ መመዘኛዎች ግልጽ ናቸው፤ በጥናቱ ሐሳብ፣ በመረጃው ወይም በትንተናው ላይ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ ጽሑፉን ማርቀቅ ወይም በጥልቀት መከለስ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን፤ አራቱም ባንድነት መሟላት አለባቸው። የክፍል ኃላፊ መሆን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። የኢንሱሊን ግኝት ራሱ እንዲህ ካለው ጣጣ አላመለጠም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1921 ሐኪሙ ባንቲንግና ገና ተማሪ የነበረው ቤስት የጀመሩት ሥራ በ1922 መጀመሪያ ላይ በቶሮንቶ ጄኔራል ሆስፒታል ለታማሚ ተሰጠ፤ የ1923ቱ ኖቤል ግን ለባንቲንግና ለቤተ ሙከራው ኃላፊ ለማክላውድ ሲሰጥ፣ ባንቲንግ ገንዘቡን ከቤስት፣ ማክላውድ ደግሞ ኢንሱሊኑን ካጣራው ባዮኬሚስት ከኮሊፕ ጋር ተካፈሉ። ሁሉም ሰው ድርሻውን ራሱ እንዲህ ያካፍላል ብለው አይጠብቁ።

ሁለት ጽሑፍ የሚለውንም ግዴታ ይደራደሩበት። በእኔ ዙር የነበሩ ባልደረቦች አንዱን ጥናት ለሁለት ቆርጠው አሳተሙ፤ ሁለቱም ግማሽ ሆኑ። አንድ ሙሉ ጽሑፍ፣ የተመዘገበ ፕሮቶኮልና ሌላ ሰው ሊጠቀምበት የሚችል የተጣራ መረጃ ተብሎ ቢቀየር የተሻለ ሥልጠና ይወጣዋል።

ገምጋሚ

በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ውስጥ አገለግላለሁ፤ አጠር አድርጌ ሁለት ነጥብ ላንሣ።

በቤተ ሙከራው የተቀመጠው ናሙና ሲሰበሰብ ሰዎቹ የፈረሙት የስምምነት ቅጽ ለሌላ ጥናት መዋልን ይፈቅዳል? ካልፈቀደ፣ ያ ገንዘብ ያለው ርዕስ በኮሚቴ ፊት ወራት ሊቆም ይችላል። ቅጹን አማካሪዎን ይጠይቋቸውና በዐይንዎ ይዩት። ሁለቱ ተቋማት የየራሳቸው ኮሚቴ ካላቸውም የትኛው መሪ እንደሚሆንና ሌላው የእሱን ውሳኔ እንደሚቀበል የመግባቢያ ሰነዱ ይናገር እንደሆነ ይመልከቱ፤ ካልተናገረ ሁለት ማመልከቻ፣ ሁለት ዙር ማስተካከያ ይጠብቅዎታል።

ሁለተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣውና በ2024 የተሻሻለው፣ በሰው ላይ ስለሚደረግ የሕክምና ምርምር ሥነ ምግባር የሚደነግገው የሄልሲንኪ መግለጫ ተሳታፊው በሐኪሙ ላይ ጥገኛ በሆነበት ሁኔታ ፈቃዱን ከዚህ ግንኙነት ውጭ የሆነ ብቁ ሰው እንዲጠይቅ ያሳስባል። የእርስዎ ሕሙማን እርስዎን እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል። ፈቃድ ጠያቂው ሌላ ሰው ይሁን፤ ይህም ሰው በበጀቱ ውስጥ ይካተት።

የነርሲንግ ተመራማሪ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ስለ ሐኪም ነው። የልብ ድካም ታማሚ ሲወጣ ክብደቱን በየዕለቱ እንዲመዝን፣ ጨው እንዲቀንስና መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ የሚያስረዳው በአብዛኛው ነርስ ነው፤ ለምን ተመልሶ እንደሚተኛም ብዙውን ጊዜ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። እንዲህ ባሉ ጥናቶች ግን ነርሶች የሚጠሩት ቅጽ እንዲሞሉ፣ ያውም በመደበኛ ሥራቸው ላይ ተደርቦ ነው። ለእርስዎ የሚከለሉት ሁለት ቀናት ከነርሶቹ ሠዓት ላይ የሚቀነሱ ከሆነ ጉዳዩ ቦታ ተቀየረ እንጂ አልተፈታም። ጥያቄው ሲቀረጽ ጀምሮ አንዲት የክፍሉ ነርስ ተባባሪ ተመራማሪ ሆና ብትገባ፣ ቁጥር ቆጣሪ ካሉት አራት መንስኤዎች መካከል ቢያንስ ሁለቱን እሷ ትመርጥልዎታለች።

ሁለት ቦታ የቆመ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተሰጠኝ ምክር መሠረት የመኝታ መዝገቡን ቆጥሬ በሳምንት በአማካይ ሦስት እንጂ አራት የሚመጥኑ ሕሙማን እንደማላገኝ ተረድቻለሁ፤ ስለዚህ 385 የሚለውን ትቻለሁ። ሁለቱ አማካሪዎቼና የክፍል ኃላፊዬም ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ተቀምጠዋል። የክፍል ኃላፊዬ ማክሰኞና ረቡዕን ለመከለል ፈቃደኛ ሆነዋል፤ ቅድመ ሁኔታቸው ግን በእነዚያ ቀናት አብሮኝ የተመረጠው ባልደረባዬ እንዲተካኝ፣ እኔም በምላሹ በእሱ ቀናት እንድተካው ነው። ይህን መቀበል ይገባኛል?

የቀድሞ አስተባባሪ

እኔ አልቀበለውም ነበር። እርስዎ በእሱ ቀን፣ እሱም በእርስዎ ቀን ከሠራችሁ የክፍሉ ጠቅላላ የሥራ ሠዓት ያው ነው፤ የሁለታችሁ አራት ቀናት ከየት እንደሚመጡ አሁንም መልስ አላገኘም ማለት ነው። ውሎ አድሮ ከሌሊታችሁና ከዕረፍታችሁ ይወጣል። የክፍል ኃላፊዎ ግን ቀኖቹን በስም መጥራታቸው ትልቅ እርምጃ ስለሆነ ፊት ለፊት እምቢ አይበሏቸው። ይልቁንም ዝግጅቱ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብቻ እንዲሆን፣ በእነዚያ ወራትም ዩኒቨርሲቲው ከቤተ ሙከራው ጥናት በጀት ላይ ለአንድ ተተኪ ሐኪም የትርፍ ሠዓት ክፍያ ሊመድብ ይችል እንደሆነ ቁርጡን እንዲያሳውቅ በደብዳቤው ላይ ያስጽፉ። ባልደረባዎም አብሮ ይፈርም። ያንን ለውጥ ያልነበረበትን የመጀመሪያውን የተረኝነት ሰሌዳ ቅጂ ደግሞ አይጣሉት፤ በሦስተኛው ወር ስብሰባ ላይ ከአዲሱ ጎን ለጎን ያስቀምጡታል።